የሙርዶ ዜማ መጨረሻ

«ጣቶችሽን አሳርፊያቸው እንጂ፤ ሰው እያየሽ ነው!» አለቻት ጎርሚላ፣ የሻይ ትሪውን ይዛ ስታልፍ ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ።

ኤፊ እጆቿን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ጉያዋ ውስጥ ከተተቻቸው። ሳይታወቃት ነው። ባሏ ሙርዶ ከሞተ ወዲህ ያገኘችው ነገር ላይ ሁሉ፣ የወንበር ክንድ ይሁን የራሷ ጉልበት፣ የእሱን ዜማ ስትመታ ነው የምትገኘው። ፒያኖው እዚያው ሳሎን ውስጥ፣ ቢበዛ ሁለት እርምጃ ቢርቃት ነው። ግን ክዳኑ ተዘግቶ ጨርቅ ተጥሎበታል። በዚህ ደሴት ሬሳ ባለበት ቤት ሙዚቃ አይነካም፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ መዝሙረ ዳዊት የሚዘመረው ያለ መሣሪያ ነው። ሙርዶ ከማዶው ክፍል ሣጥኑ ውስጥ ተኝቷል። ቀብሩ ነገ ቅዳሜ፣ እኩለ ቀን ላይ ነው።

ሳሎኑ ጢም ብሏል። የመጣው ሁሉ ስኮን የሚሉትን ትንንሽ ዳቦ ጋግሮ፣ ሾርባ አፍልቶ ነው የመጣው፤ ወጥ ቤቱ ውስጥ ድስት ማስቀመጫ ጠፍቷል። ሽማግሌው ቶርኩል ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ወደ እሷ ዘንበል አሉ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ኤፊ። መቼም አልተሠቃየም፣ አይደል?»

«አልተሠቃየም» አለች ኤፊ፣ ለሃያኛ ጊዜ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ተሠቃይቷል። እሷም አብራው። ግን ሻይ ለያዘ ሰው ይህን እንዴት ብለው ይናገሩታል? ብቻ ደክሟታል። ሐዘኑ እንኳ ከድካሙ በስተኋላ ቆሞ ተራውን የሚጠብቅ ነው የሚመስላት።

ሙርዶ ሸማኔ ነበር፤ ሰው የሚያውቀው ግን በባግፓይፑ፣ ዋሽንትና ቱቦዎች በተሰኩበት በዚያ የሚነፋ ከረጢት ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የደሴቱን ሙሽራ ሁሉ ከፊት ከፊቱ እየሄደ ነፍቶለታል። ሳንባው ሲከዳው ከረጢቱን ግድግዳ ላይ ሰቀለና ለሁለት ሳምንት ማንንም አላናገረም። ከዚያ አንድ ጠዋት አልጋው ላይ ሆኖ፣ ነፊዎች ዜማ በሚያስተምሩበት «ሂዮ ድሮ ሆ» በሚል ቋንቋቸው ማዜም ጀመረ።

«ጻፊው» አላት። «ለፒያኖሽ።»

ኤፊ የፒያኖ አስተማሪ ናት፤ ጻፈችው። ያን ጊዜ ነው ጠብ የመጣው። በባግፓይፕ ትንፋሽ ስለማይቋረጥ፣ አንዱን ድምፅ ሁለት ጊዜ ለማሰማት በመካከሉ ስንጥር የምታህል ሌላ ድምፅ ጣል ይደረጋል። ኤፊ እነዚያን ስንጥሮች ሁሉ ለቅማ አውጥታ ዜማውን ለስላሳ አድርጋ ተጫወተችለት። ሙርዶ ከትራሱ ላይ ብድግ አለ።

«የት ጣልሻቸው?»

«ፒያኖ እኮ አያስፈልገውም። ሁለቴ ስትመታው ሁለቴ ይሰማል።»

«እኔን ያስፈልገኛል! ደግሞ ስኳሩን ቀንሺ፤ ኬክ አይደለም የምትሠሪው።»

ተኮራረፉ። ማታውን ሁሉንም አንድ በአንድ መለሰቻቸው፤ ሲሰማው እጇን ሳማት። ክፍል በክፍል እንዲህ እየተጣሉ፣ እየጻፉና እያጠፉ ከረሙ። አንድ ቀን ታዲያ እንዲህ አላት፦

«ሣጥኔ ከዚህ በር ሲወጣ ሌላ ነፊ እንዳትጠሩ። መስኮቱን ከፍተሽ አንቺ ተጫወቺልኝ፣ የመንገዱን መታጠፊያ እስካልፍ።»

«እህትህ ትገድለኛለች።»

«ታዲያ አንድ ላይ ይቀብሩናላ!» ብሎ ሲስቅ ሳሉ ተነሣበት።

ይህን ሁሉ ለጎርሚላ የነገረቻት ለቀስተኛው ቀለል ሲል፣ ወጥ ቤት ውስጥ ሲኒ እያጠቡ ነው። ጎርሚላ የሙርዶ ታላቅ እህት ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከዳዊት በቀር ሌላ ዜማ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

«ነገ? ሰው ሁሉ ደጅ ቆሞ? ሰው ምን ይላል፣ አንቺ!»

«ሰውማ የሚለውን ሲል ነው የኖረው።» ኤፊ ሲኒውን አስቀመጠች። «ደግሞ አትፍሪ፣ አልጫወትም። መጨረሻው የለኝም።»

«እንዴት የለሽም?»

«ማክሰኞ ከሰዓት ጠራኝ። መጨረሻውን አገኘሁት፣ እርሳስሽን አምጪ አለኝ። በዚያን ቀን አንሶላ ሦስት ጊዜ ቀይሬያለሁ፣ ጎርሚላ። ቆሜ እያንቀላፋሁ ነበር። ነገ፣ በሞቴ፣ ነገ አልኩት። እሺ አለኝ። ረቡዕ ሲነጋ አልነበረም። አንዲት ነገር ነው የለመነኝ፤ እሷንም ነገ አልኩት።»

ሙርዶ ከሞተ ወዲህ ገና አሁን ማልቀሷ ነው። ጎርሚላ የደረቀውን ሲኒ መልሳ መላልሳ ትወለውላለች።

«ያን ዕለት አንቺ ስትተኚ አጠገቡ የነበርኩት እኔ ነኝ» አለች በመጨረሻ። «ያዢልኝ፣ ለኤፊ ትነግሪያታለሽ ብሎ ያንን ነገሩን ያዜምብኝ ጀመር። ተው፣ ነፍስህን አስብ አልኩት። እሱ እቴ! መቼ ሰምቶኝ ያውቃል?»

«ያዝሽው?»

«ጆሮዬን ልድፈነው እንዴ?»

«ሦስት ቀን ሙሉ ዝም አልሽኝ?!»

«ሦስት ቀን ሙሉ ከራሴ ጋር ስጣላ ነው የከረምኩት። አባታችን ሁለታችንንም ነው ያስተማረን። እሱ ነፊ ወጣው፤ እኔ ተውኩት።»

ሄዳ በሩን ዘጋች። ፊቷን ወደ ማጠቢያው አዙራ፣ እጆቿን ጠርዙ ላይ ተክላ፣ በቀጭን ድምፅ ጀመረችው። ስንጥሮቹ አንዳቸውም አልጎደሉም። ኤፊ ወረቀቷን ከመሳቢያ አውጥታ እንባዋን ሳትጠርግ ጻፈች፤ አንድ ሐረግ፣ ሁለት ሐረግ። ጎርሚላ አቆመች።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ሳሉ ያዘው። ውኃ ሰጠሁት። አልቀጠለም።»

አንድ ክፍል አራት ሐረግ ነው። የቀሩትን ሁለቱን ለመሙላት ኤፊን ውኃ እስኪፈላ እንኳ አይፈጅባትም፤ ስንቱን የተማሪ ዜማ እንዲህ ደፍናለች። ሞላችውና በሹክሹክታ አዜመችው።

«ያምራል» አለች ጎርሚላ። «የእሱ ነው?»

«የኔ ነው።»

ኤፊ ትንሽ ተመለከተችው። ከዚያ ላጲሱን አነሳች።

ቅዳሜ ቀኑ ብራ ሆኖ ነፋሱ ግን አያድርስ ነበር። በአገሩ ልማድ ወደ መቃብሩ የሚሄዱት ወንዶች ናቸው፤ ሴቶች ቤት ይቀራሉ። ስምንት ሆነው ሣጥኑን አነሡትና ወጡ። ጎርሚላ የደጁን በር ከኋላቸው ዘጋች፤ ከዚያ ማንንም ሳታይ ሄዳ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው። የጎረቤት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለቻት ኤፊን። «እየራቀ ነው።»

ኤፊ ጨርቁን ገፋ አድርጋ፣ ክዳኑን ከፍታ ተቀመጠች። ቀኝ እጇ ዜማውን ያዘ። ግራ እጇ ከሥር ሁለት ወፍራም ድምፆችን ብቻ፣ የባግፓይፑ ረጃጅም ቱቦዎች ሳያቋርጡ እንደሚያጉረመርሙት፣ ደጋግሞ ይመታል። ደጅ ላይ ቶርኩል አንዴ ዞር ብለው አዩ፤ ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ተሸካሚዎቹ ተለዋወጡ። ሣጥኑ ገና መታጠፊያው አልደረሰም።

መጨረሻው ክፍል መጣ። አንድ ሐረግ፣ ሁለት ሐረግ። ነፊ ጣቶቹን ከዋሽንቱ ላይ ቢያነሣም ከረጢቱ ውስጥ ትንፋሽ እስካለ ድረስ ቱቦዎቹ ዝም አይሉም። ኤፊ ቀኝ እጇን አንስታ ጭኗ ላይ አሳረፈችው። ግራ እጇ ብቻውን ቀጠለ፣ በቀስታ፣ ያንኑ ሁለት ድምፅ።

ጎርሚላ መጥታ ከወንበሩ ጠርዝ አጠገቧ ተቀመጠች። ሥራ የፈታውን የኤፊን ቀኝ እጅ አነሣችና፣ ሣጥኑ መታጠፊያውን እስኪያልፍ፣ በሁለት እጆቿ መካከል ይዛ ቆየች።