የባልዲው ቡና

ጋሽ ታፈሰ ሁለተኛውን እፍኝ አመድ ባልዲው ውስጥ ሊበትኑ እጃቸውን ሲዘረጉ ዲቦራ ከኋላ ደርሳ ክንዳቸውን ያዘች።

"አባዬ፣ ዛሬም አመድ?"

"መድኃኒቱ ነው። አንቺ ሻንጣሽን አዘጋጂ።"

እጀታው በተነቀለ የቀለም ባልዲ ውስጥ የቆመው ችግኝ፣ ዲቦራ በተወለደች ዓመት ከተተከለው ቡና ሥር በራሱ ጊዜ የበቀለ ነው። ልጅቱ አዳማ ጤና ጣቢያ ሥራ አግኝታ ከአንድ ወር በኋላ ልትሄድ ነው። አባትየው "ልጄ ያለ ቡናዋ ከቴፒ አትወጣም" ብለው ለመንደሩ ሁሉ አውጀዋል። ጎረቤትም ዝም አላለ፤ "ቡና በባልዲ! ነገ ደግሞ ላም በጆንያ ትልካለህ" እያለ ሲስቅባቸው ከረመ።

ይባስ ብሎ ችግኙ ቢጫ ሆነ። ጅማቶቹ ብቻ አረንጓዴ ቀርተው ቅጠሉ ገረጣ። አርባ ዓመት ቡና ያበቀለ ሰው በአንድ ባልዲ ሊዋረድ ነው! ጋሽ ታፈሰ ጥፋተኛ ፈልገው አላጡም፤ የጎረቤታቸው የአሕመዲን ፍየል ሸንታበት ነው አሉ። ይኸው ከአሕመዲን ጋር ሰላምታ ከተዉ ሳምንት ሆናቸው።

አመዱን ያመኑት ያለ ምክንያት አልነበረም። አምና የግብርና ባለሙያው የጎመኑን መደብ አይቶ "አፈሩ ኮምጣጣ ነው፣ አመድ ይጨመርበት" ብሏቸው ነበር። ጎመኑም ተንዠረገገ። ከዚያ ወዲህ አመድ የማያድነው በሽታ ያለ አይመስላቸውም።

ጭቅጭቁን የሰማችው ትሕትና ከጓሮው ክፍል ወጣች። ተከራያቸው ናት፤ ካምፓስ ስለ ዕፅዋት ትማራለች። ከባልዲው አንድ ማንኪያ፣ ከትልቁ ቡና ሥር ሌላ ማንኪያ አፈር አንስታ በሁለት ብርጭቆ የዝናብ ውሃ በጠበጠች። ኮምጣጣነትን በቀለም የሚለዩ ቀጫጭን ወረቀቶች ነከረችባቸው። የትልቁ ቡና ቀላ፤ የባልዲው ሰማያዊ ሆነ።

"ጋሼ፣ ቡና ኮምጠጥ ያለ አፈር ነው የሚወደው። የባልዲው ኮምጣጣነት ጨርሶ ጠፍቷል። ምግቡ አፈሩ ውስጥ እያለ ሥሩ መውሰድ አቅቶታል።"

"ጎመኔን ያዳነው አመድ እኮ ነው!"

"የጎመኑ መሬት ከልክ በላይ ኮምጣጣ ነበር፤ ሰፊም ነው። ይሄ ግን ባልዲ ነው፤ ትንሽም ይበዛበታል። ስንት እፍኝ ጨመሩበት?"

ጋሽ ታፈሰ ወደ አሕመዲን አጥር አዩ። "አንድ... ሁለት..."

"ገና አረንጓዴ ሳለ ጀምሮ በየቀኑ ሁለት!" አለች ዲቦራ። "ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ! ምስኪኗ ፍየል!"

ሦስቱም ሳቁ፤ የጋሽ ታፈሰ ሳቅ ግን ቶሎ ቆመ። ችግኙን በገዛ እጃቸው ሊገድሉት እንደነበር ገባቸው፤ ሐፍረትም ያዛቸው። ያንኑ ዕለት አመዳሙን አፈር ደፍተው፣ ከትልቁ ቡና ሥር ቅጠል የበሰበሰበት ጥቁር አፈር ዝቀው ችግኙን መልሰው ተከሉት። የሚያጠጡት ከጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ብቻ ሆነ። ጠዋት ፊታቸውን ሳይታጠቡ ባልዲውን ማየት ልማዳቸው ሆነ።

በሃያኛው ቀን ከጫፉ ላይ ሁለት ቅጠሎች ብቅ አሉ፤ የሚያብረቀርቁ፣ ለምለም አረንጓዴ። "ወጣ!" ብለው ሲጮኹ ጎረቤት ሰው የተወለደ መሰለው።

የጉዞው ቀን መንደሩ ሊሸኛት በር ላይ ተሰበሰበ። አሕመዲንም መጥቶ ዳር ላይ ቆሟል። ከችግኙ ታች ያሉት የቆዩ ቅጠሎች አሁንም ቢጫ ናቸው።

"አባዬ፣ ሰው ሳያያቸው ልቁረጣቸው?" አለች ዲቦራ በሹክሹክታ።

ጋሽ ታፈሰ ወደ አሕመዲን ዞሩ። "ተያቸው። እስክሪብቶ አምጪና ባልዲው ላይ ጻፊ።"

"ምን ብዬ?"

"'አመድ እንዳይነካው። ቅጠሉን ቢጫ ያደረገው አባቴ ነው፤ የአሕመዲን ፍየል የለችበትም።'"

ዲቦራ ሳቋን እየዋጠች ጻፈች። "ጨረስኩ።"

"በይ አሁን ጮክ ብለሽ አንብቢው" አሉ፣ ዓይናቸውን ከአሕመዲን ሳይነቅሉ።