ያዳለጠው መስመር

ጠረጴዛዬ ላይ አሥራ አንድ ስልኮች ተደርድረዋል። አሥሩ ደህና ናቸው። ለሆስፒታል ነርሶች የሠራነው አፕ የሚዘጋው አሥራ አንደኛው ላይ ነው፤ መስታወቱ ጥጉ ላይ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ። የታካሚውን ገጽ እከፍታለሁ፣ ፎቶው መጥቶ ሳያልቅ ወደ ኋላ እመለሳለሁ፣ አፑ ድርግም ይላል። ሃያ ጊዜ ሞከርኩ። አሥራ ሰባት ጊዜ ተዘጋ። ጻፍኩት።

ይህ ችግር ከወር በፊት ተፈቷል ተብሎ ነበር። ያኔ የስህተት መዝገቡን ያነበብኩት እኔ ነኝ። አፑ የወደቀው ፎቶውን የሚያሳየው ክፍል ውስጥ ነበር፤ ክፍሉን የጻፉት ጋሼ ናቸው። ከሁላችንም በዕድሜ ስለሚበልጡ ጋሼ እንላቸዋለን። በሁለት ዓረፍተ ነገር ሪፖርት አደረግኩ። በሳምንቱ ከሥራ ተሰናብተው ዕቃቸውን በካርቶን ይዘው ወጡ።

በሩ ላይ፣ "ያዳለጠውን ትተሽ የወደቀበትን ነው ያየሽው፣ ልጄ" አሉኝ። የተከፋ ሰው ንግግር መስሎኝ ነበር።

የእሳቸውን ክፍል ሰርዘን እንደ አዲስ ጻፍነው። አዲሱም ይወድቃል።

ስለዚህ ዛሬ ወደ ኋላ ሄድኩ። አፑ ለፎቶው ከስልኩ ሚሞሪ ላይ ቦታ ይወስዳል። ገጹ ሲዘጋ ቦታው ይለቀቃል። ፎቶውን የሚያሳየው ክፍል ግን ሥራውን ስላልጨረሰ ቦታው አለ ብሎ ይሄዳል። የለም። ያኔ አፑ ይዘጋል። ቦታውን ያለጊዜው የሚያስለቅቀውን የኮድ መስመር አገኘሁት። ከጎኑ የጸሐፊው ስም አለ። የኔ ስም ነው።

ሻዩ ቀዝቅዟል፤ ጠጣሁት። ስሙን ደግሜ አነበብኩ።

አለቃዬን ጠርቼ አሳየሁት። ቆሞ አየ።

"አስተካክይውና ዝም በይ። ያለፈ ነገር ነው።"

"ጋሼስ?"

"የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ብለን ጨርሰናል። አሁን ምን ይደረግ?" እንደ ቀልድ ነው ያለው። ሁለታችንም አልሳቅንም።

አሁንም ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። አፑ የወደቀው ጋሼ የጻፉት ክፍል ውስጥ ነው። ቦታውን አስለቅቆ የጣለው የኔ መስመር ነው። ለአለቃዬ፣ ለሥራ አስኪያጇና ለጋሼ ላክሁት።

ሥራ አስኪያጇ ከምሳ በኋላ መለሰች፦ "ጋሼ ሰኞ ይመለሱ። አንቺ ነገ ጠዋት ቢሮዬ ነይ።"

ቀጥሎ ጋሼ ደወሉ።

"ስንት ስልክ ላይ ሞከርሽው?"

"አሥራ አንድ።"

"አሮጌው ላይስ?"

"ከሃያ አሥራ ሰባት ጊዜ ወደቀ።"

ከጀርባቸው ዕቃ ሲታጠብ ይሰማል።

"ጋሼ፣ በድዬዎታለሁ። ሰኞ ይመጣሉ?"

"ሦስቱን ጊዜ ለምን አልወደቀም?"

"አላወቅኩም።"

"እንግዲያው ገና ነው። ሰኞ ስመጣ ትነግሪኛለሽ።"

አሮጌውን ስልክ ቻርጀር ላይ ሰካሁት። አዲስ ወረቀት ላይ አንድ ብዬ ጻፍኩና የታካሚውን ገጽ ከፈትኩ።