ሙሽራ ቤት የተሰቀለው መጋረጃ

ዙሃራ ስትቆጣ አብነት ሰፈር ሁሉ ይሰማል። ያን ጠዋት ግን ድምፅዋ በስልክ መርካቶ ድረስ ዘልቋል። በወዲያኛው ጫፍ ጆሮው የሚቃጠለው በከር ነበር፤ የመጋረጃ ጨርቅ የምትገዛው ከሱ ብቻ ነው።

«ውሃ የገባበት ጨርቅ ትሸጥልኝ? በዚህ ዕድሜዬ ልታዋርደኝ?»

«ወላሂ ዙሃራ፣ ጣቃውን ፊትሽ አይደል የፈታሁት?»

«ታዲያ ፎቶው ይዋሻል?» ብላ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

ልጇ ቀመሪያ ከስፌት መኪናው ማዶ ላፕቶፗ ላይ አፍጥጣ ተቀምጣለች። ፎቶውን ያነሳችው እሷ ናት። ሥራዋ የሚሸጥና የሚከራይ ቤት ውስጡን ማንሳት ነው፤ ያነሳችውንም ራሷ በፎቶሾፕ ታስተካክላለች። እናቷ ልደታ ኮንዶሚኒየም ለምትገባ ለራኒያ ለምትባል ሙሽራ ከጣሪያ እስከ ወለል የሚወርድ ስስ መጋረጃ ሰፍታ ነበር። ቀመሪያም ሙሽራዋ ከመግባቷ በፊት ሳሎኑን አንስታ፣ ፎቶውን ሜክሲኮ አካባቢ የእንግዳ ማረፊያ ለሚከፍቱትና መጋረጃ ሰፊ ለሚፈልጉት ለአቶ ሸዋዓለም በቫይበር ላከችላቸው። መልሳቸው አጭር ነበር፦ «አሰፋፉ ያምራል። ጨርቁን ግን ውሃ ነክቶታል እንዴ? ለማንኛውም ዛሬ ከሰዓት እንወስናለን።»

ነገሩ እውነት ይመስላል። መጋረጃው ላይ ሐምራዊና አረንጓዴ ሞገድ ከላይ እስከ ታች ይተራመሳል። ዙሃራ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው መስኮት አንድ በአንድ ስታለብስ የኖረች ሴት ናት፤ ሙሉ ሕንፃ ማልበስ ግን ሕልሟ ነው። ሕልሟ ደጃፏ ድረስ መጥቶ በገዛ ልጇ ፎቶ ሊመለስ ነው። ቀመሪያን ያንገበገባት ይሄ ነበር።

«ሄጄ እንደገና ላንሳው፣ እማ።»

«ጫጉላ ላይ ያሉ ልጆች ቤት? ካሜራ አንግበሽ ልታንኳኪ? ምን ጉድ ነው!»

እውነቷን ነው፤ አይሆንም። ቀመሪያ ያላት ያ ፎቶ ብቻ ነው። መጀመሪያ መጋረጃውን በሙሉ አደበዘዘችው። ሞገዱ ጠፋ፤ እሰይ ብላ ላፕቶፑን ወደ እናቷ አዞረች። ዙሃራ መነጽሯን አስተካክላ አየችና ከንፈሯን መጠጠች።

«ይሄ የኔ መጋረጃ አይደለም። ላስቲክ ነው። ክሩ የታለ?»

ክሩ የለም። ከሞገዱ ጋር አብሮ ተጠርጓል። ቀመሪያ ሥራውን ሰርዛ ከወለሉ ላይ የዚያኑ ጨርቅ ሁለት ቁራጮች አነሳችና አንዱን በሌላው ላይ ደርባ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው። ትንሽ አንቀሳቀሰችው። ንጹሑ ጨርቅ ላይ ሞገድ መጣ።

«ኧረ ይሄንንማ አውቀዋለሁ!» አለች ዙሃራ። «ደራርቤ ስቆርጥ ሁሌ ዓይኔን ያጭበረብረኛል።»

«በቃ እሱ ነው። ካሜራውም ውስጡ እንደ ወንፊት ያለ ነገር አለው። ያንቺ ወንፊትና የኔ ወንፊት ተደራረቡ። ሞይሬ ይሉታል። ጨርቁ ምንም አልሆነም።»

ዙሃራ ቁራጮቹን ተቀብላ ራሷ ደራርባ አየቻቸው። «በከር አልዋሸም ማለት ነዋ» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ወንበሯን ጎትታ ከልጇ አጠገብ ተቀመጠች። «እሱን በኋላ እደርስበታለሁ። አጥፊልኝ!»

ቀመሪያ አሁን ቀለሙን ከብርሃኑ ለየችው። ክሩን ሳትነካ ቀለሙን ብቻ ስታለሰልስ ሐምራዊውና አረንጓዴው ሟሟ። የቀረው ጠቆር ፈካ የሚል ጥላ ነበር፤ ይሄኛው ነው አስቸጋሪው፣ የእጥፋቱን እውነተኛ ጥላ ይመስላልና። እዚህ ላይ ዙሃራ ጣቷን እስክሪኑ ላይ አሳረፈች። እያንዳንዱን እጥፋት በእጇ የተኮሰች ሰው አይደለች?

«ይሄ ጥላ ነው፣ እንዳትነኪው። ያኛው ውሸት ነው። እሱን! አዎ፣ እሱን አንሺው።»

እጥፋት በእጥፋት ወረዱ። ዙሃራ ታሳያለች፣ ቀመሪያ ትጠርጋለች። የመጨረሻዋ እጥፋት ስትጠራ ሁለቱም ተነፈሱ፤ ቀመሪያም ሳሎኑን በሙሉ ለማየት ፎቶውን አሳነሰችው።

ሞገዱ ተመልሶ መጣ።

«ያ አላህ!» አለች ዙሃራ። የቀመሪያ እጅ ከማውሱ ላይ ወደቀ። ያ ሁሉ ልፋት ውሃ የበላው መሰላት፤ አልቅሺ አልቅሺ አላት። ፎቶውን መልሳ ወደ እውነተኛ መጠኑ አሳደገችው፤ ንጹሕ። አሳነሰችው፤ ሞገድ። አሳደገችው፤ ንጹሕ። ድንገት ሳቋ አመለጣት።

«እማ፣ እስክሪኑ ነው! እሱም ሌላ ወንፊት ነው! ፎቶው ጠርቷል። ለአቶ ሸዋዓለም በስልክ አንልክላቸውም፣ ትልቅ አድርገን አሳትመን እንወስድላቸዋለን።»

ታክሲ ተሳፍረው ሜክሲኮ ወዳለ ማተሚያ ቤት ሄዱ። ትልቁ ወረቀት ከማሽኑ ሲወጣ መጋረጃው እዚያው የተሰቀለ መሰለ፤ ክሩ አንድ በአንድ ይታያል። የቀመሪያ ደረት በኩራት ሞላ። ዙሃራ ግን ጎንበስ ብላ ታችኛው ጠርዝ ላይ ቀረች። እዚያ አንዲት ስፌት ዘንበል ብላለች። ከሞገዱ ሥር ተደብቃ የኖረች ናት።

«ላጥፋልሽ? አሁኑኑ ይሆናል።»

ዙሃራ አመነታች፤ ክብሯ የሚነካት ሴት ናትና። «ተይው» አለች በመጨረሻ። «ያ ሞገድ የኔ አልነበረም። ይቺ የኔ ናት።»

አቶ ሸዋዓለም ፎቶውን ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግተው ብዙ አዩት። ሳያውቁት ጣታቸው ወረቀቱን መዳሰስ ጀመረ፤ ሰው ገበያ ላይ ጨርቅ እንደሚሞክር። ቀመሪያ ያንን ስታይ ድሉ የሷ መሆኑን አወቀች።

«ውሃው የት ሄደ?» አሉ።

«መጀመሪያም አልነበረም» አለች ዙሃራ።

ጎንበስ ብለው ጠርዙን አዩ። «ይቺ ስፌት ግን ትንሽ...»

«ጠማማ ናት። ሙሽራ አይጠብቅምና ቸኩዬ ነበር። እርስዎ ቤት አትገኝም።»

አቶ ሸዋዓለም ቀና ብለው አዩዋትና ሳቁ። «የሕንፃውን መስኮቶች መጥተው መለካት አለብዎት እንግዲህ።»

«ስመጣ ከውጭ ቆጥሬያቸዋለሁ» አለች ዙሃራ።

ከሕንፃው እንደወጡ መንገድ ላይ ቆማ ስልኳን አወጣች። ባቡሩ ከላይ እየተንጎዳጎደ ያልፋል፤ ዙሃራ ግን ከባቡሩ በላይ ጮኸች።

«በከር! አፉ በለኝ፣ ጨርቅህ ንጹሕ ነው! ልጄ አጣርታ አሳየችኝ! ስማ፣ ሕንፃ ሙሉ የሚያለብስ አለህ?»

የታክሲ ረዳቶች ሳይቀሩ ዞረው አዩዋት። ቀመሪያ ሌላ ጊዜ ቢሆን በሐፍረት ትሸሸግ ነበር። ዛሬ ግን የእናቷን ክንድ ይዛ፣ ሁሉም እስኪሰማ ድረስ አብራት ቆመች።