በረኪና የበላው አሻራ

ድርጅቱ የወረቀት ሰነዶቹን ጠቅልሎ ወደ ኮምፒውተር ሊያስገባ ሲነሣ፣ ከኮምፒውተሩ በፊት የሚያስፈልገው ሽቦ ነቃይ ሆኖ ተገኘ። የስቴፕለር ሽቦ ያልወጣለት ወረቀት ስካነሩ ጉሮሮ ውስጥ ይሰነቀራል። ስለዚህ ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣ አንዲት ሴት ተቀምጣ ሽቦ ስትነቅል ትውላለች። ቢሮው ሁሉ «ጥርስ ሐኪሟ» ይላታል።

አጠገቧ ስካነሩን የሚያሠራው ሰውዬ «ፎቶ አንሺው» ነው፤ ወረቀቱን ሁሉ «ቀና በል፣ ፈገግ በል» እያለ ያስገባል። የሁለቱም አለቃ የፕሮጀክቱ ኃላፊ ነው። ጨዋ ሰው ነው፤ «አሠራሩ አይፈቅድም» የሚለው እንኳ መጀመሪያ ይቅርታ ጠይቆ ነው። በእሱ አሠራር ስልክ በር ላይ ይቀራል፣ ሲወጡም ቦርሳ ይፈተሻል።

የጥርስ ሐኪሟ እናት እዚሁ ድርጅት በጽዳት ሠራተኝነት አርጅታ ጡረታ የወጣች ናት። ከሞተች ገና ዓመት አልሞላትም። ልጇን ያስተማረችው በመጥረጊያ ነው፤ ራሷ ግን ፊደል አልቆጠረችም። «በጣት መፈረም በኔ ይብቃ» ትል ነበር። ልጅቷ የመጀመሪያ ፊርማዋን ያወጣች ቀን፣ እናት ወረቀቱን ይዛ ጎረቤቱን ሁሉ ዞረች፤ ለሁሉም ያሳየችው ዘቅዝቃ ነበር።

አንድ ጠዋት ጥርስ ሐኪሟ የንብረት ክፍልን ቦክስ ፋይል ከፈተች። የሳሙናና የበረኪና መረከቢያ ነው። የድሮው ንብረት ጠባቂ ለአንዲት ሳሙና እንኳ ሳያስፈርም የማይሰጥ ሰው ነበር፤ ሲሞት «መልአከ ሞትንም ፈርመህ ተረከበኝ ሳይለው አይቀርም» ተብሎለታል። በየወረቀቱ ግርጌ ሐምራዊ የአውራ ጣት አሻራ አለ። መሀሉን ጠባሳ አቋርጦታል። ልጅ ሳለች የምትተኛው ያንን የእናቷን ጣት ጨብጣ ስለነበር፣ ጠባሳውን በእንቅልፍ ልቧም ታውቀዋለች።

የመጀመሪያዎቹ ላይ የጣቷ መስመሮች ጥርት ብለው ይቆጠራሉ። ወረቀቱ እየተገለጠ፣ ዓመቱ እየገፋ ሲሄድ ይሳሳሉ፤ በረኪናው በልቷቸዋል። የመጨረሻው ላይ የቀረው ጠባሳውና ልሙጥ ሐምራዊ እድፍ ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ያለው የእናቷ ፎቶ አንድ ነው፤ እሱም ላይ እጆቿን ከኋላዋ ደብቃለች። ሰው ፊት ሁሌም እንደዚያ ነበረች።

ቦክሱ ጀርባው ላይ ቀይ ምልክት ተለጥፎበታል። ቀይ ማለት ስካን ሳይደረግ ይወገድ ማለት ነው።

ኃላፊው ጋ ወጣች።

«አንዷን ብቻ ልውሰድ። የሳሙና ወረቀት ናት።»

«ይቅርታ እህቴ፣ የሳሙናም ቢሆን የድርጅቱ ሰነድ ነው። አሠራሩ አይፈቅድም። ዛሬ ወረቀት ባስወጣ ነገ የምወጣው እኔ ነኝ።» አሰብ አደረገና፣ «ግን አንዷን ስካን አድርጉና ምስሉን ልስጥሽ። እሱን እኔ ልፍቀድ» አላት።

እሷም የመጨረሻዋን መረጠች። ጥርት ያሉት የሌላ ሰው ይመስላሉ፤ የምታስታውሰው እጅ የመጨረሻው ነው። ፎቶ አንሺው ነገሩ ስለገባው «ፈገግ በይ» አላለም። ምስሉ ስክሪኑ ላይ መጣ። የሳሙናው ቁጥር አለ፣ የንብረት ጠባቂው ፊርማ አለ። የተረካቢ ቦታ ነጭ ነው።

«የታለች?»

«ማሽኑ እድፍ እንዲያጸዳ ተደርጎ ነው የመጣው» አለ ፎቶ አንሺው አንገቱን ደፍቶ። «እድፍ መስላው ነው።»

«እድፍ ማጽዳት እኮ የሷ ሥራ ነበር» አለች።

ማስተካከያውን ሊከፍት ሞከረ፤ የይለፍ ቃል ጠየቀው። ኃላፊው ተጠራ፤ እሱም አያውቀውም። ማሽኑን የሸጠው ድርጅት ነው የሚያውቀው፤ ለሳሙና ወረቀት ደግሞ አይደወልለትም። የመጀመሪያዋንም ሞከሯት። ስካነሩ ሐምራዊ የሚባል ነገር አይወድም።

ከሰዓት በኋላ ባለቀይ ቦክሶቹ ወደ ወረቀት መቆራረጫው ተገፉ።

«አንቺ ውጪ፣ እኔ ላስገባው» አላት ፎቶ አንሺው።

«ተው ወንድሜ፣ ቀብሯም ላይ ቆሜ የለ።»

ሽቦውን አንድ በአንድ ነቀለች፤ ለመቆራረጫው ሽቦ መንቀል አያስፈልግም ነበር። ከዚያ ከድሮው ጀምራ አንድ በአንድ አስገባች። አሻራው እጇ ላይ እንደ አዲስ እየሳሳ፣ እየለሰለሰ ሄደ። በረኪናው የጀመረውን ማሽኑ ጨረሰው።

ኃላፊው አንዲት ወረቀትና ማኅተም ከነቀለሙ ይዞ መጣ፤ ወረቀቷ የሰነድ ማስወገጃ ማረጋገጫ ናት። «ይቅርታ፣ ያስወገደው ሰው መፈረም አለበት። እዚህ ቤት ወረቀት ሆና የምትቀረው እቺ ብቻ ናት።» እስክሪብቶ አቀበላት።

እስክሪብቶውን አስቀምጣ የማኅተሙን ቀለም ወደ ራሷ ሳበች።

«መጻፍ ትችያለሽ አይደል?»

«እችላለሁ።»

«ታዲያ?»

«አሠራሩ ይከለክላል?»

ኃላፊው አሰበ። የሚከለክል ነገር አላገኘም።

አውራ ጣቷን ጫነች፣ አነሣችና ጎንበስ ብላ አየችው። መስመሮቹ አንድም ሳይጎድል በየቦታቸው ናቸው፤ የተበላ የለም፣ የሳሳ የለም። እናቷ ዕድሜዋን የጨረሰችው ይህ ጣት እንዲህ እንዲቀር ነበር። መሀሉ ላይ ጠባሳውን ፈለገች፤ ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠግታ ደግማ ፈለገች።

ኃላፊው ይቅርታ ጠይቆ ወረቀቱን ወሰደ።