ጣራው የተነሳ ቀን

ታሪኩ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲያንኳኳ ሰማና ክው አለ። ቆርቆሮው እኮ መሬት ላይ ነው ያለው!

"ተሻለ! ምንድነው ይሄ?" ብሎ ጮኸ፣ ማገር ላይ ለተንጠለጠለው አናጢ።

"እኔን ትጠይቀኛለህ? የሰማይ መምህሩ አንተ!"

ታሪኩ ዲላ ጂኦግራፊ ያስተምራል። ከዲላ ወጣ ብሎ ጪጩ ያለው ይሄ ቤት የአማቱ የእትዬ አትጠገብ ነው። ጣራው ማፍሰስ ከጀመረ ቆይቷል፤ እሳቸው ግን "በሐምሌ ጣራ አይነሳም" ብለው ነበር። ውስጥ ደግሞ ዋጋው እስኪጨምር ያስቀመጡት ጀንፈል አለ፣ ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ጆንያ በጆንያ ላይ። ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ እያሳየ ጣራው እንዲነሳ ያሳመናቸው እሱ ነው።

"እማዬ ይዩ፣ ከቲቤት እስከ እኛ እላይ ከባድ አየር ተቀምጧል፣ ከፍተኛ ግፊት። ወደ ታች ይጫናል፣ ደመና አያድግም። ዘንድሮ ደግሞ ጠንክሯል። አንድ ጠብታ ብትወርድ ምን አለ ይበሉኝ!"

አመኑት። አማች አይደል፣ የተማረ አይደል!

አሁን ነጠላቸው ላያቸው ላይ ተለጥፎ "ይቺ ስንተኛዋ ጠብታ ናት?" አሉት።

ዶፍ ሆነ። ታሪኩና ተሻለ ቆርቆሮውን እየጎተቱ ጆንያዎቹ ላይ ደረቡ። ከዚያ ታሪኩ በር ስር ተሸጉጦ፣ የአየር ትንበያ ለሚሠራው ለድሮ ጓደኛው ለይዲድያ ደወለ።

"ያ ቲቤት ላይ ያለው ከፍተኛ ግፊት ዝናብ አይከለክልም እንዴ?"

"ምን? የፈረንጅ ቪዲዮ ነው ያየኸው! እነሱን በበጋቸው ከፍተኛ ግፊት አናታቸው ላይ ቁጭ ሲል ያደርቃቸዋል። የቲቤቱ ሲጠነክር ግን እኛ ሰማይ ላይ የምሥራቁ ነፋስ ይፈጥናል፣ እርጥቡን አየር ከታች ወደ ላይ ይስበዋል። ክረምታችንን የሚያበረታው እሱ እኮ ነው! ለምን ጠየቅከኝ?"

ታሪኩ ቀና አለ። ጣራ የለም።

"እንዲሁ ነው" አለ።

እትዬ አትጠገብ እጃቸውን ከታች ባለው ጆንያ ውስጥ ሰደዱ። ያወጡት ጀንፈል ይንጠባጠባል። ለካ ከላይ ሲሸፍኑ ውሃው በወለሉ ገብቶ ኖሯል! የጨበጡትን ታሪኩ መዳፍ ላይ አስቀመጡ።

"ትምህርት ዝግ ነው አይደል?"

"አዎ እማዬ።"

"ፀሐይ በወጣች ቁጥር ይሄን ታሰጣለህ። ደመና በመጣ ቁጥር ታነሳለህ። እስኪደርቅ እዚሁ ነህ።"

"እሺ እማዬ።"

እጃቸውን ዘረጉ። "ስልኩን አምጣ።"