የአንድ ወረቀት ክብደት

ሚዛኑ 1,795 ላይ ቆመና አልነቃነቅ አለ።

«አምስት ግራም ቀራት» አሉ ሲስተር፣ መዝገባቸው ላይ እየጻፉ። «አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሳይሞላ ከሙቀት ክፍል የሚወጣ የለም። ሕጉን ታውቀዋለህ፣ አባት።»

ሕጉን ያውቃል። ከሠላሳ አራት ቀን በፊት ልጅቱ ዘጠኝ ሳምንት ቀድማ ከች ካለች ወዲህ ከዚህ ሕግ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም ማለት ይቻላል። በየጠዋቱ ትመዘናለች፤ በየጠዋቱ ቁጥሯን ከኪሱ በማትለየው ደብተር ላይ ያሰፍራል። ሃያ ጨመረች። አሥር ቀነሰች። ባለችበት ቆመች። አንድ ቀን እንዲያውም ሊመዝኗት ሲሉ ዳይፐሯን ሞልታ ተወለቀላትና «ቀነሰች» ተብላ፣ እሱ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ሳይነጋገር ዋለ።

ዛሬ ግን ሚስቱ ሻንጣዋን ዘግታ ነው የጠበቀችው። ሠላሳ አራት ቀን የተቀመጠችበትን የፕላስቲክ ወንበር ሳይቀር ግድግዳው ሥር መልሳዋለች።

«ሲስተር፣ አምስት ግራም ማለት እኮ አንድ ነጠላ ወረቀት ነው። ይሄ የሚጽፉበት።»

«ታዲያ ወረቀቱን ላጉርሳት?» አሉ ሲስተር ፈገግ እንኳ ሳይሉ።

ሌላ አባት ቢሆን እዚህ ላይ ጥርሱን ነክሶ ዝም ይላል። ይሄኛው ግን የሚዛን ተቆጣጣሪ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ገበያ ለገበያ እየዞረ የሥጋ ቤቱንም የእህል ነጋዴውንም ሚዛን ሲፈትሽ ኖሯል፤ ነጋዴዎቹ ፊቱን ሲያዞር «አቶ ግራም» ይሉታል። የሚሰርቅ ሚዛን ሲያይ ያውቃል። ልጁ ወተቷን ጥርግ አድርጋ እየጨረሰች በሦስት ቀን አሥር ግራም ብቻ መጨመሯ ሲያጠራጥረው ሰንብቷል። ሚዛኑ ሰርቋት ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ስለዚህ ዛሬ የሥራ ሳጥኑን ይዞ መጥቷል።

ሳጥኑን ሲከፍት ሁለት ባለ አንድ ኪሎ የናስ ክብደቶች ብልጭ አሉ።

«ምንድነው እሱ?»

«ምስክር።»

«በአልኮል ጠርገኸዋል?»

«ሁለት ጊዜ።»

ሲስተር ሰዓታቸውን አዩ። «በል ቶሎ በል» ብለው ወደሚቀጥለው አልጋ ዞሩ።

«እስቲ ጉዳቸው ይውጣ» አለች ሚስቱ ቀስ ብላ፣ ልጅቱን ደረቷ ላይ ለጥፋ።

እሱ አልቸኮለም። መጀመሪያ ጠረጴዛው ዘንበል አለማለቱን አየ። ሚዛኑን ባዶውን ዜሮ ላይ አቆመው። ከዚያ አንዱን ናስ በንጹሕ ጨርቅ ይዞ መሐል ላይ አስቀመጠ።

1,020።

አነሳው። መልሶ አስቀመጠው። 1,020። ሁለተኛውን ደረበበት። 2,040።

«ስንት አለ?» አለች ሚስቱ።

ናሶቹን አነሳና ዜሮውን እንደገና አየ።

«አንተን እኮ ነው፣ ስንት አለ?»

ሚዛኑ ሌባ አልነበረም። ቸር ነበር። በየኪሎው ሃያ ግራም ምራቂ እየጨመረ የሚሰጥ ቸር። ሒሳቡ ሳይጠራው ጭንቅላቱ ውስጥ ተሠርቶ አለቀ፤ ልጁ 1,760 ናት። የሚጎድላት አንድ ወረቀት ሳይሆን ስምንት ወረቀት ነው።

ቁጥሩን ከእሱ በቀር ያየ ሰው የለም። ገበያ ላይ ቢሆን ባለሚዛኑ አፉን ሳይከፍት የእገዳውን ቀይ ወረቀት ለጥፎበት ነበር። እዚህ ግን ሳጥኑን ቢዘጋው፣ ነገ ጠዋት በዚሁ ቸር ሚዛን አምስቷ ግራም ትሞላና ወደ ቤት ይሄዳሉ።

በሚቀጥለው አልጋ የመንትዮቹ እናት ልጆቿን እያለባበሰች ነው። ትንሹ ዛሬ 1,805 ሞልቶ ተፈቅዶለታል። ያ ያልፈለገው ሒሳብ እንደገና መጣ፤ 1,770 አይሞላም። ባለፈው ሳምንት መተንፈስ ረስቶ፣ ሲስተር የውስጥ እግሩን እየነካኩ ያስታወሱት ልጅ ነው።

«ሲስተር» አለ። «ሚዛኑ ልክ አይደለም።»

«ይሰርቃል ልትለኝ ነው?»

«አይ። ይጨምራል።»

ሲስተር መጥተው ናሱን ራሳቸው ጫኑት፣ አነሱት፣ ጫኑት። ፊታቸው ጥቁር አለ። «ከማዋለጃ ክፍል ሌላ ሚዛን ይምጣ። እስከዚያ ከዚህ ክፍል ንቅንቅ የሚል እንዳይኖር።»

የመንትዮቹ እናት እጅ የልጁ ልብስ ቁልፍ ላይ ቀረ። «ወንድሜ» አለችው፣ «የራስህን ልጅ አስቀረህ፣ እሺ። የእኔን ልታስቀር ምን ቤት ነህ?»

መልስ ነበረው። በቁጥር ሊነግራት ይችል ነበር። አንገቱን አቀርቅሮ ናሶቹን ወደ ሳጥኑ መለሰ።

ሚስቱ በአንድ እጇ ሻንጣውን ከፈተች። ካልሲው ወጣ። ኮፍያው ወጣ። ለመውጫ ቀን የተቀመጠው ቢጫ ብርድ ልብስ ወጣ። በመጨረሻ የፕላስቲክ ወንበሩን በእግሯ እየገፋች ቦታው መለሰችና ቁጭ አለች።

«አሥራ ሦስት ዓመት የሰው ሚዛን ስትፈትሽ ኖርክ። ይቺን አንዷን ማለፍ አቃተህ?»

«ሰርቋት መስሎኝ ነው።»

«መስሎህ ነው።»

ደብተሩን አውጥቶ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠ። ሚዛኑ ከመቼ ጀምሮ እንደሚመርቅ ማወቂያ ስለሌለው ከመጀመሪያው ቀን ጀመረ፤ እያንዳንዱን ቁጥር ሰርዞ ትክክለኛውን አጠገቡ ይጽፋል። በብስጭት እርሳሱን ስለሚጫነው ወረቀቱ ሁለት ቦታ ተቀደደ።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«እያረምኩ።»

ሚስቱ ወደ ደብተሩ አንገቷን አሰገገች። «አንድ ሺህ አምስት መቶ የሞላች ዕለት ያን ሁሉ ያለቀስኩት ታዲያ ለምኑ ነበር?»

ገጹን ፈለገ። አሰላ። «ለአንድ ሺህ አራት መቶ ሰባ።»

ትሳቅ ታልቅስ አልለየላትም። ልጅቱ ደረቷ ላይ ተንጠራርታ፣ ጥፍር የምታህል አፏን ከፍታ ጡት መፈለግ ጀመረች።

«ያንን እርሳስ አስቀምጥና» አለች፣ «የጡት ማለቢያውን አጥበህ አምጣልኝ። አርባ ግራም በደብተር አይሞላም።»

እርሳሱን ኪሱ ከቶ ማለቢያውን ይዞ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ሌላ ሚዛን ተሸክሞ የሚመጣ የጽዳት ሠራተኛ አገኘና፣ መንገድ በመልቀቅ ፈንታ ቆሞ ሚዛኑን ከላይ እስከ ታች አየው።