ነፋስ የማያውቅ ሸራ

አግብታ የማታውቅ ሴት ሰባት ጊዜ ባሏን ባሕር ሲበላባት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፖርትሬን በምትባለው የኮርንዋል የዓሣ አጥማጆች ወደብ ዊልሞት ትሬጌር የምትባል መረብ ጠጋኝ አለችላችሁ። ሠዓሊዎች ከለንደን በባቡር እየመጡ መንደሩን ከወረሩት ወዲህ፣ ያገኛት ሁሉ ጥቁር ሻሽ እያስጠመጠመ በሥዕሉ ላይ ባሏ የሞተባት አድርጎ አስለቅሷታል። አንዱ ደጃፍ ላይ፣ አንዱ ድንጋይ ላይ፣ አንዱ ደግሞ የጎረቤት ሕፃን አስታቅፎ። የመንደሩ ሴቶች ሲስቁ ሊሥላቸው የፈለገ አንድም ሰው አልነበረም። የደሃ ሳቅ ግድግዳ ላይ አያምርም መሰለኝ።

እነሱ ፊቷን ሲያዩ እሷ እጃቸውን ታይ ነበር። የጣሉትን የቀለም ቱቦ እየጨመቀች በበርሜል ክዳን ላይ ጀመረች፤ በስምንተኛው ዓመት የራሷን ሥዕል ጨረሰች። ሠዓሊዎቹ በየጃንጥላቸው ሥር ተደርድረው አንዲት አልቃሽ ሲሥሉ፣ ከኋላቸው ዓሣ የተሸከሙ ሴቶች መተላለፊያ አጥተው ሲራገሙ ያሳያል። ሥዕሉ ጥሩ ነበር። አዝኜላት አይደለም፤ ጥሩ ስለነበር ነው።

የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሥዕሏ ለለንደኑ ትልቅ የሥዕል ትርዒት በሚሄደው የባቡር ፉርጎ እንዲጫን። የሚጫነውን የሚመርጠው ደግሞ የሠዓሊዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር ሚስተር ኦብሪ ፌንዊክ ነው። ስትጠይቀው ሳቀ።

«ልጄ፣ ድስት ራሱ ሾርባውን ሠራሁ ሲል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» አላት።

ሥዕሎቹ ከመጫናቸው በፊት ባለው ቀን፣ በየዓመቱ መጋቢት ላይ፣ ሠዓሊዎቹ ቤታቸውን ከፍተው ለመንደሩ ሰው ያሳያሉ። ሰዉም ጫማውን ጠርጎ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ዝም ብሎ ያያል። የዘንድሮው የፌንዊክ ሥዕል ግድግዳ ያክላል። ስሙ «ያልተመለሱት» ነው። ማዕበል አለ፣ ጀልባ አለ፣ ዳር ላይ እንደተለመደው ዊልሞት ታለቅሳለች። አርባ ዓመት ጀልባ የመራው ሽማግሌ ሃኒባል ካርኖው ሥዕሉ ፊት ቆሞ ብዙ ቆየ። ፌንዊክ የሽማግሌውን እንባ ይጠብቃል።

«ጌታው» አለ ሃኒባል ፒፓውን ከአፉ አውጥቶ፣ «የጀልባውን ሸራ እንዲህ ሰቅለው ከወጡ በምን ተአምር ይመለሳሉ?»

በሥዕሉ ላይ ነፋሱ ከግራ ይመጣል፣ ሸራውም ከምሰሶው በግራ ተሰቅሏል። የፖርትሬን ሰው ጀልባው በዞረ ቁጥር ሸራውን አውርዶ፣ ነፋሱ ወደሚሄድበት ጎን አሻግሮ ነው የሚሰቅለው። ይህን የሰባት ዓመት ሕፃን ያውቃል። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዲት ዓሣ ሻጭ፣ የሞቱት ሁሉ የለንደን ልጆች ይሆኑ እንደሆነ ጠየቀች።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ፌንዊክ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ዊልሞት መረብ ከምትጠግንበት ዳስ መጣ። የጀልባውን ሸራ አስተካክይልኝ፣ ያንቺም ሥዕል ነገ ይጫናል አላት። አላመነችውም፤ ግን ሌላ በር አልነበራትም። ቤቱ ሄዳ ሥዕሉ ፊት ቆማ የተሳሳተውን ፋቀች፣ ሸራውን በቀኝ ሰቀለች፣ ማዕበሉንም ሳይጠይቃት አረመችው፤ የሱ ማዕበል ጎመን ይመስል ነበር። ፌንዊክ በሩን ከውስጥ ቆልፎ ሰው እንዳያይ በመስኮት ይጠብቅ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ ጋዜጦች «የባሕሩ ወዳጅ» የሚሉት።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ መንደሩ በሙሉ ሥዕሎቹን ሊሸኝ ጣቢያው ላይ ተሰብስቧል። ፉርጎው ተዘግቷል። የዊልሞት ሥዕል ግን ጣቢያው ላይ ከተደረደሩት የወተት ጋኖች አጠገብ ግድግዳ ተደግፎ ቀርቷል።

ፌንዊክ ቦታ እንደጠበበ፣ የከርሞ ሰው ይበለን እንጂ እንደማይረሳት ለስለስ ባለ ድምፅ ነገራትና ሊሳፈር የባቡሩን ደረጃ ወጣ።

ዊልሞት ሥዕሏን አንስታ ሐዲዱ ላይ ወረደች፤ ከባቡሩ ፊት አጋድማ አስቀመጠችውና ጎኑ ተቀመጠች። የጣቢያው ሹም ፊሽካውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ቀረ። ሃኒባል፣ ልጄ ተነሽ ሊላት አስቦ ኋላ ተወው።

«ሚስተር ፌንዊክ» አለች፣ ድምፅዋን ለዓሣ ጨረታ እንደምታወጣው አውጥታ፣ «የእኔ ይጫን አልልዎትም፤ እሱ ቀርቷል። ትናንት በቆለፉት በር ውስጥ ሥዕልዎ ላይ ያንን ሸራና ያንን ማዕበል የሣለው የማን እጅ ነው? በጆሮዬ አይንገሩኝ። ከደረጃው ይውረዱና ይኼ ሁሉ ሰው እየሰማ ይመልሱ።»